ስምንት ሰው በአንድ ክፍል፦ የአንድ ቴአትር የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 24

ቤቱን አገኘን። አዳራሽ አይደለም፣ መኖሪያ ቤት ነው። አራት ክፍል፣ ከጀርባ ሁለት ሰርቪስ፣ መሐል ላይ ጠባብ ግቢ። የቤቱ ባለቤት እትዬ፣ «እንዳታፈርሱብኝ እንጂ የፈለጋችሁትን ሥሩበት» ብለውናል። ወለሉ ጣውላ ነው። ሲረገጥ ሲጢጥ ይላል። የመብራቱ ልጅ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። እኔ ግን ደስ አለኝ። በሌሊት ተደብቆ የሚሠራ ሰው እንዴት እንደሚራመድ ከማንም አዘጋጅ ይልቅ ይህ ወለል ያስተምራል።

ታሪኩ አጭር ነው። ጊዜው ሚያዝያ 1969፣ የደርግ የቀይ ሽብር ወቅት፣ ቦታው አዲስ አበባ። አምስት ወጣቶች በአንድ ሌሊት በድብቅ ጽሑፍ ያባዛሉ። ሲነጋ አንዷ የለችም። ተመልካቹ ወንበር አይሰጠውም። በእግሩ ከክፍል ክፍል ይሄዳል፣ ወረቀት ይሸከማል፣ በር ይጠብቃል፣ ይጠየቃል። የሙያው ሰዎች ኢመርሲቭ ይሉታል። እኛ ለጊዜው «ገብተህ እይ» ነው የምንለው።

በአንድ ምሽት 24 ሰው ብቻ። ስምንት ስምንት ሆነው በሦስት ቡድን። ዘጠነኛ ሰው ከገባ ትንሿ ክፍል ውስጥ ተዋናዩ እጁን መዘርጋት አይችልም። ለክተነዋል።

መስከረም 30

ዛሬ ሙሉ ቀን የተከራከርነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ተመልካቹ ማነው? እንዲህ ዓይነት ቴአትር ውስጥ ቀላሉ መንገድ ተመልካቹን መንፈስ ማድረግ ነው። ያያል፣ ማንም አያየውም። እኔ አልፈለግሁትም። መንፈስ አይፈራም።

በመጨረሻ የተስማማነው ለዚያች ሌሊት የተላከ አዲስ አባል እንዲሆን ነው። በሩ ላይ የቤት ስም፣ ማለትም የሽፋን ስም፣ ይሰጠዋል። የራሱን ስም መናገር ክልክል ነው። ይህን ከጭንቅላታችን አላወጣነውም። የሕቡዕ ሥራ የሚሠራው በሴል ነበር። አንድ አባል የሚያውቀው አብረውት ያሉትን ጥቂት ሰዎች፣ እነሱንም በቤት ስማቸው ብቻ ነው። የተያዘ ሰው የማያውቀውን መናገር አይችልም።

ከተዋንያኑ ታናሿ፣ «ስሙን እንኳ ለማላውቀው ሰው ነው እንዴ የምሞተው?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። ከነገ ጀምሮ ግን ልምምድ ላይ እርስ በርሳችን በቤት ስም ብቻ እንድንጠራራ ወሰንን። እሷ «ሎሚ» የሚለውን መረጠች። ስልኬ ላይ ራሱ ሎሚ ብዬ መዝግቤያታለሁ።

ጥቅምት 6

የማባዣው ጉዳይ። ይህ ቀን በሙሉ የቁሳቁስ ነው፣ የማይወድ ይዝለለው።

የዚያን ዘመን ጽሑፍ የሚባዛው በስቴንስል ነበር። ስቴንስል ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት ነው። ታይፕራይተሩ ላይ ሪባኑን ታነሣና ባዶውን ትመታለህ። ፊደሉ ሰሙን ይቀድደዋል። ቀለሙ በተቀደደው በኩል ብቻ ያልፋል። ከአንድ ስቴንስል ብዙ መቶ ቅጂ ይወጣል። ከተሳሳትክ እንደ ጥፍር ቀለም ያለ ነገር ቀብተህ ደፍነህ እንደገና ትመታለህ።

መርካቶ ሁለት ቀን ዞርን። አሮጌ የአማርኛ ታይፕራይተር ተገኘ። ማባዣም አየን፣ ግን የጎማ ሲሊንደሩ ደርቆ እንደ ቆሎ ይፈረፈራል። የስቴንስል ወረቀት የሚባል ነገር ስንጠይቅ አንዱ ነጋዴ፣ «የኔ ልጅ፣ አባትህን ነው የምትጠይቀው?» አለኝ።

መፍትሔው የመጣው ከቲሸርት አታሚ ነው። ቲሸርት የሚታተምበት ስክሪን፣ በፍሬም ላይ የተወጠረ ስስ ጨርቅ፣ ከስቴንስል ጋር አሠራሩ አንድ ነው፤ ቀለም በክፍቱ ያልፋል፣ በተደፈነው አያልፍም። የድሮው የጠረጴዛ ማባዣም ቢሆን ፍሬም፣ ወንፊት ጨርቅና ተሽከርካሪ ሮለር ነበር። ስለዚህ የራሳችንን ጽሑፍ ስክሪን ላይ አስወጣን። አንዱ ተዋናይ ታይፕራይተሩን ይመታል፣ ተመልካቹ ሮለሩን ይገፋል፣ እውነተኛ ወረቀት ይወጣል።

ጽሑፉን እኛው ጻፍነው። በዘመኑ ደርግን በሕቡዕ ይታገል የነበረው የኢሕአፓ ልሳን «ዴሞክራሲያ»ም ሌሎችም ልሳኖች ነበሩ፣ ከእነሱ መቅዳት እንችል ነበር። ግን የማንንም ድርጅት መፈክር ተመልካቹ እጅ ላይ ማስያዝ አልፈለግሁም። የኛ ወረቀት ላይ ያለው የጠፉ ልጆች የቤት ስም ዝርዝር ነው። ሌላ ምንም የለበትም።

ያልጠበቅነው ነገር፦ ቀለሙ እጅ ላይ ይቀራል። ሮለሩን የገፋ ሁሉ ጣቱ ጠቆረ። በውሃ ብቻ አይለቅም። የቁሳቁስ ኃላፊዋ ይቅርታ ስትጠይቅ ዘበኛውን የሚሠራው ልጅ ከጥግ ሆኖ «እጅ!» ብሎ ጮኸ። ሁላችንም ሳናስበው እጃችንን ወደ ኋላ ደበቅን።

እንግዲህ ቴአትሩ እዚያ ላይ ነው የተወለደው። ከማባዣው ክፍል የወጣ ሰው በሚቀጥለው በር ላይ አብዮት ጠባቂ፣ የቀበሌው የታጠቀ ዘበኛ፣ ይጠብቀዋል። አይጮህም፣ አይገፈትርም። «እጅ» ይላል ብቻ።

ጥቅምት 15

የሰዓት ጉዳይ። መጀመሪያ ያሰብነው ሦስቱ ቡድኖች በአንድ ጊዜ በተለያየ ክፍል ጀምረው እንዲዟዟሩ ነበር። ሞከርነው። ሦስተኛው ቡድን የጀመረው ከቀበሌው አዳራሽ ስለሆነ ገና ያልሠራውን ወንጀል ተጠየቀ። «ለዘመኑ ይሄም አያንስም» ብሎ የቀለደ አለ። ሳቅን፣ ግን አይሠራም። ጥፋቱ ከፍርሃቱ መቅደም አለበት።

ስለዚህ ቡድኖቹ ተራ በተራ በአንድ በር ይገባሉ። በየክፍሉ 12 ደቂቃ፣ ለመሸጋገሪያ 2። የመጀመሪያው ቡድን ከገባበት ሦስተኛው እስከሚወጣበት 84 ደቂቃ ነው። ተዋንያኑ የየክፍላቸውን ትዕይንት በምሽት ሦስት ጊዜ ይሠራሉ። ሎሚ ሦስት ጊዜ ትጠፋለች።

ድምፅ ከክፍል ክፍል ያልፋል። የጭቃ ግድግዳ ቢሆንም ጣሪያው ክፍት ነው። መጀመሪያ ልንደፍነው ነበር። ከዚያ ተውነው። ሁለተኛው ክፍል ያለ ሰው የታይፕራይተሩን ኳኳታ ይሰማል። አሁን ከሥሩ የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርገንበታል። ያም ሆኖ ይሰማል። ተመልካቾቹ ራሳቸው በሹክሹክታ ማውራት ጀመሩ፣ ማንም ሳያዛቸው።

ጥቅምት 22

የምርመራ ክፍሉን አወጣነው። ቀላል አልነበረም።

ድርሰቱ ውስጥ ወፌ ላላ፣ እጅና እግርን አስሮ ሰቅሎ መግረፍ፣ ነበረ። ተዋናዩ ለሦስት ሳምንት ተለማምዶታል። የገመድ አሠራሩንም አንድ የሚያውቅ ሰው አጣርቶልናል፣ ጉዳት የለውም። ትናንት ለአምስት ጓደኞቻችን አሳየናቸው። ምን አዩ? አንዱ ገመዱን ነው ያየው። ሌላዋ «እንዴት ነው ግን ክብደቱን የቻለው?» አለች። ሦስተኛው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ከዚያ በኋላ ለነበረው ለምንም ነገር አልተመለሰም። ሕመም በሁለት ክንድ ርቀት ሲታይ ወይ ትርኢት ይሆናል ወይ ሰው ያባርራል። እኔ ከሁለቱ የምመርጠው የለም።

ተዋናዩ ተቀየመኝ። «ያሳለፉትን እኮ መደበቅ ነው» አለ። ነጥቡ ትክክል ነው። ቢሆንም አወጣሁት።

በምትኩ የገባው የእስር ቤት በር ነው። ስምንቱም ተመልካቾች አገልግል ይሰጣቸዋል። ሰርቪሱ በር ላይ ይሰለፋሉ። ከፊታቸው እናት ሆና የምትሠራዋ ተዋናይት አለች። ምግብ አስገብቶ ባዶ ዕቃ መቀበል የዘመኑ ቤተሰብ የዕለት ሥራ ነበር። ዘበኛው ይቀበላል፣ ይመልሳል፣ ይቀበላል፣ ይመልሳል። እናትየው ጋ ሲደርስ አገልግሉን ሳይከፍት መልሶ ይሰጣትና «ከነገ ጀምሮ እንዳታመጪ» ይላል። ቀጥሎ ወደሚቀጥለው ሰው ይዞራል። እሷም መንገድ ትለቃለች። አታለቅስም። በዚያን ጊዜ ለተገደለ ልጅ ማልቀስም ይከለከል ነበር፣ ለጥይቱ ዋጋ የተጠየቀም ቤተሰብ አለ። እሱን በቃል አንናገርም። ከኋላዋ የተሰለፈው ተመልካች ገና ያልከፈተውን አገልግል እንደያዘ ይቀራል።

ኅዳር 3

ከሰው ጋር የመጀመሪያው ሙከራ። 24 ሰው። ጥሩ የሄደው ብዙ ነው፣ እሱን ልዝለለው።

ሳሎኑ የቀበሌ አዳራሽ ነው። ቀበሌ ሐምሌ 1967 በአዋጅ ሲቋቋም ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶችን የሚያስተዳድር የሰፈር ማኅበር ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጠመንጃም እስር ቤትም ነበረው። በአዳራሹ ነዋሪውን ሰብስቦ «አጋልጡ» ይል ነበር። የኛም ሊቀ መንበር ይህንኑ ይላል፦ «ከመካከላችሁ ሌሊት ወረቀት ሲባዛ የነበረበትን ቤት የሚያውቅ ይነሣ።»

የመጀመሪያው ቡድን በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሎሚን አጋለጠ። ሁለተኛው በሁለት። ሦስተኛው ቡድን ውስጥ አንድ ጎረምሳ እጁን አውጥቶ እየሳቀ «እሷ ናት፣ ባለ ቀዩ ሹራብ» አለ። የተቀሩትም ሳቁ።

ከሥራው በኋላ ሎሚ ግቢ ውስጥ ቁጭ ብላ አገኘኋት። «አብሬያቸው ሳባዛ ነበር እኮ። ሮለሩን አብረን ነው የገፋነው» አለች።

ኅዳር 4

ሌሊቱን ሙሉ ሕዝቡን ስራገም አደርኩ። ጠዋት ግን ከአጋለጡት ሦስት ሰዎች ጋር ስልክ ተነጋገርኩ። ሁለቱ ያሉት አንድ ነው፦ «ዝም ስንል ቴአትሩ ቆመ። ተዋናዩ ያፈጥብናል። አንድ ሰው ካልተናገረ የማይቀጥል መሰለን።»

ገባኝ። ያጋለጡት ሊረዱን ብለው ነው። ጨዋ ተመልካች ተዋናይ ሲጨነቅ ማየት አይወድም። እኛ ደግሞ ለዝምታ ምንም አላዘጋጀንለትም። ድርሰቱ ውስጥ አንድ ሰው እስኪናገር ድረስ ሊቀ መንበሩ ጥያቄውን ይደጋግማል ይላል። ራሴ ነኝ የጻፍኩት። ለዝምታ በር ሳልሠራለት ዝም አላሉም ብዬ ሰውን መክሰስ ነውር ነው።

ዛሬ አዲስ ገጽ ጻፍን። ማንም ካልተናገረ ሊቀ መንበሩ አራት ደቂቃ ይጠብቃል። በአራተኛው ደቂቃ ፋይሉን ይዘጋል። «ነገ ይቀጥላል» ይላል። በሩ ይከፈታል። አራት ደቂቃ ዝምታ ስንት እንደሚረዝም ሰዓት ይዞ ያልሞከረ አያውቅም።

ካጋለጡስ? የመብራቱ ልጅ የሚቀጡበት ነገር እንፍጠር አለ፣ ለምሳሌ ሎሚን ፊታቸው እየጎተቱ ማውጣት። አልተቀበልኩም። ቅጣት ሲሰጣቸው ሒሳቡ ይዘጋላቸዋል። አሁን ምንም አይሆንም። ሊቀ መንበሩ አመስግኖ ይሸኛቸዋል። ቀይ ሹራቧ ግን መጨረሻው ክፍል ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ያገኙታል። ማንም ስለ ሹራቡ አያወራም።

ኅዳር 9

በዘመኑ ወጣት የነበሩ አንድ ጋሼ ልምምዱን እንዲያዩልን ጠርተን ነበር። ሙሉውን ቆመው አዩ። ወንበር ስንሰጣቸው እምቢ አሉ። ሲያበቃ የተናገሩት፦ «ሁላችንንም ጥሩ ሰው አደረጋችሁን።»

ምስጋና መስሎኝ ነበር። አልነበረም።

«እኛም መሣሪያ ይዘን ነበር። የኛ ልጆችም ሰው ገድለዋል። የገደሉን ውስጥም አብረውን የተማሩ ነበሩ። ይህ የታለ?»

ልክ ናቸው። ከመስከረም 1969 ጀምሮ ኢሕአፓ በከተማ ባለሥልጣናትንና የተቀናቃኙን የግራ ድርጅት የማኢሶንን ሰዎች እያነጣጠረ ይመታ ነበር። ማኢሶንም ከደርግ ጎን ቆሞ ቀበሌዎች ውስጥ ሰዎቹን አስገብቷል። ሁለቱም የተማሪው ንቅናቄ ልጆች ናቸው፣ ሁለቱም «መሬት ላራሹ» ብለው የተሰለፉ። ነሐሴ 1969 ማኢሶን ከደርግ ተለይቶ ሲሸሽ እሱም ታደነ። ይህን ሁሉ እናውቅ ነበር። ግን ወጣት ጀግና ንጹሕ ሲሆን ለመጻፍ ይቀላል።

ሁለተኛውን ክፍል ሙሉ በሙሉ ቀየርነው። አሁን ውስጡ ሁለት ጓደኛሞች አሉ። በ1967 ተማሪዎች ወደ ገጠር በተላኩበት በእድገት በኅብረት ዘመቻ አንድ ጣቢያ ዘምተዋል። አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተው ያደሩ ናቸው። አሁን አንዱ የቀበሌ ካድሬ ነው፣ ሌላው ወረቀት ያባዛል፣ ወገቡም ላይ ሽጉጥ አለ። ካድሬው ሊያስጠነቅቀው ነው የመጣው። ሊያስጠነቅቀው ይሁን ሊሰልለው ራሱም አያውቅም። ስምንቱ ተመልካቾች በአልጋና በግድግዳ መሐል ተጨናንቀው ይሰማሉ። ትዕይንቱ የሚያልቀው ብርድ ልብሱ የማን ነው በሚል ክርክር ነው። ከሁሉም ክፍል የምወደው ይህ ሆኗል። ጋሼን ሳልጠራ ብቀር ኖሮ አይኖርም ነበር።

ኅዳር 17

የደኅንነት ሥራ። አሰልቺ ነው፣ ግን ያለ እሱ በሩን አልከፍትም። በየክፍሉ ቁልፍ የሌለው ሁለተኛ በር አለ። ሻማውን በባትሪ መብራት ተክተናል፤ ጣሪያው እንጨት፣ ወረቀቱ ብዙ። ተዋናይ ተመልካችን አይነካም፣ በፍጹም። መዳፉን ደረቱ ላይ ያደረገ ተመልካች ወዲያው በዘበኛው በኩል ወደ ግቢው ይወጣል፣ ምክንያት አይጠየቅም። ይህ ሁሉ በር ላይ በግልጽ ይነገራል። ምስጢር ማድረግ የሚያስፈራራ የመሰላቸው ነበሩ። ማምለጫውን ያወቀ ሰው ነው ለመቆየት የሚደፍረው።

የድምፅ ባለሙያው ሁለት ነገር አዘጋጅቶ ነበር። አንዱ ተኩስ። ሌላው በሬዲዮ የግድያ ዜና ሲነገር ይለቀቅ የነበረው ዘፈን። ሁለቱንም አስወጣሁ። ለኔ ትውልድ ዘፈኑ ድባብ ነው። የዚያን ዘመን ሰው ግን ሳይዘጋጅ ከግድግዳ ጀርባ ሲሰማው ምን እንደሚሆን መገመት አልችልም፣ የመሞከርም መብት የለኝም። የቀረው ጣቢያ ሲፈለግ የሚሰማው የሬዲዮ ጩኸት ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ከሦስቱ ቡድን ሁለቱ አራቱን ደቂቃ ዝም አሉ። አንዱ አጋለጠ። የዝምታው ቡድን ሲወጣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ነበር። አልነገርናቸውም።

ኅዳር 25

ተከፈተ። በሁለተኛው ቡድን መሐል መብራት ጠፋ። መላው ሰፈር። አብዮት ጠባቂው የእጅ ባትሪውን አብርቶ ቀጠለ። ታይፕራይተሩም በጨለማ ቀጠለ። ተመልካቾቹ ሲወጡ «መብራቱን ያጠፋችሁበት ሰዓት!» እያሉ አደነቁን። አመሰግናለሁ አልኩ። ምን ልበል?

ቀለሙ አሁንም ችግር ነው። አንዷ ነጭ ቀሚስ ለብሳ መጥታ ነበር። ዛሬ አዝዣለሁ፦ መጠቅለያ ሽርጥ በር ላይ ይሰጣል፣ ግቢው ውስጥ ሳሙናና ሙቅ ውሃ። ሙቅ ውሃው ከመጨረሻው ክፍል በኋላ እንጂ በፊት አይደለም።

ኅዳር 27

ሦስተኛው ምሽት። እትዬ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ዛሬ እንደ ተመልካች ገቡ። ያለ ማንም ግብዣ ነው፣ ቲኬት ቆርጠው። ማባዣው ክፍል ውስጥ ሮለሩን አልነኩም። ቆመው ብቻ አዩ። ሎሚ የተባዛውን ወረቀት ለሁለት አጥፋ ሰዎቹ ሹራብ ሥር እንዲያደርጉ ስታከፋፍል፣ እትዬ እጇን ያዙ። ተመልካች ተዋናይን እንዳይነካ የሚል ደንብ አላወጣንም ነበር።

«እንዲህ አይደለም የኔ ልጅ» አሏት። ወረቀቱን ወሰዱ። በርዝመቱ ሦስት ጊዜ አጠፉት፣ የጣት ያህል ቀጭን እስኪሆን። ከዚያ ነጠላቸውን ጥለታቸው ጋ ያዙና ጫፉን አንዴ ጠቅልለው ወረቀቱን ውስጡ አስገቡት። ነጠላውን መልሰው ትከሻቸው ላይ ጣሉ። ምንም አይታይም።

በር ላይ ዘበኛው «እጅ» አላቸው። ሁለቱንም መዳፍ ዘርግተው አሳዩት። ንጹሕ ነው። አሳለፋቸው። ልጁ በኋላ ሲነግረኝ ድርሰቱ ጠፍቶበት ነበር።

ከሥራው በኋላ ስለ አጠፋፉ ልጠይቃቸው ፈልጌ ቡና እያፈሉ አገኘኋቸው። ስኳር ስንት እንደምወድ ጠየቁኝ። እሱን መለስኩ፣ የኔን ሳልጠይቅ ወጣሁ።

ለነገ፦ ወረቀቱ እትዬ እንዳሳዩት ይታጠፋል፣ ሎሚ ከሰዓት በፊት መጥታ ለሁሉም ታሳያለች። አራት ነጠላ ከአልባሳት ይውጣ። ጥቁር ቀለም አንድ ጣሳ ነው የቀረው። ሳሙና።